የተበሳው የምኒልክ ብር፦ የተጎዳ ጠገራ ብር በኢንተርኔት ከመግዛታችን በፊት ፊዚክስ ምን ይመክረናል?

መግቢያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢያቸው ለሚኖር ሰው ጠገራ ብር እንግዳ ነገር አይደለም። በባቲ የሰኞ ገበያ ከሚሸጡት የብር ጌጣጌጦች መካከል በአንገት ላይ የሚንጠለጠል ጠገራ ብር ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። በብዙ ቤተሰብም ከአያት የተወረሰ አንድ ወይም ሁለት ጠገራ በሣጥን ውስጥ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ይህ ገበያ ወደ እጅ ስልክ ገብቷል። ሻጩ አንድ ወይም ሁለት ፎቶግራፍ ያወጣል፣ «ብርቅ ነው» ብሎ ዋጋውን ይጽፋል፤ ገዢውም ዕቃውን በእጁ ሳይነካ ገንዘብ እንዲልክ ይጠየቃል።

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ብርቅ የተባለው ብር በጣም የተጎዳ ሲሆን ነው። ያልተጎዳውን መግዛት የተማሪም ሆነ የመምህር አቅም አይፈቅድም፤ የተጎዳው ግን በርከስ ያለ ስለሚመስል ያጓጓል። በዚህ ጽሑፍ አንድ የታሰበ ማስታወቂያ ወስደን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንመረምራለን። ለምርመራው የሚያስፈልገን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የምናውቀው የእፍግታ፣ የጥላና የፕሮባብሊቲ ስሌት ብቻ ነው።

ማስታወቂያው የሚከተለው ነው እንበል። «የአፄ ምኒልክ አንድ ብር፣ የ1887 ዓ.ም.፣ እጅግ ብርቅ። ለአንገት ጌጥ ተብሎ ስለተበሳ በቅናሽ ይሸጣል። ክብደቱ 26.4 ግራም።» ከጽሑፉ ጋር የተያያዘው ፎቶግራፍ ደብዛዛ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭና ዘውድ ተፍቀው ለስልሰዋል። የዓመተ ምሕረቱ የመጨረሻ አኃዝ ፯ ይሁን ፱ በግልጽ አይለይም። የተጠየቀው ዋጋ በውስጡ ካለው የብር ማዕድን ዋጋ ስምንት እጥፍ ነው። ይገዛ ወይስ ይለፍ?

፩. ብርቅነት ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ ሁለቱን የጠገራ ብር ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን በብዛት የተሠራጨው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ታለር ነው፤ ሕዝቡ ማርትሬዛ ይለዋል። በላዩ ላይ የተጻፈው ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1780 ሲሆን፣ ይህ ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየናም ሆነ በሌሎች ከተሞች፣ ለምሳሌ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ፣ የተመቱት ታለሮች ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደያዙ ቀጥለዋል። ስለዚህ «የ1780 ስለሆነ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» የሚለው አባባል አያስኬድም። በማርትሬዛ ላይ የተጻፈው ዓመት ስለ ዕድሜው የሚነግረን ነገር የለም።

የአፄ ምኒልክ ብር ግን ከዚህ ይለያል። በፓሪስ የተመታው ይህ ብር 28.075 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ ከአንድ ሺህ እጅ 835ቱ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ያህል ነው። የማርትሬዛም ክብደት 28.07 ግራም ያህል በመሆኑ፣ አዲሱ ብር የቀድሞውን በገበያ እንዲተካ ታስቦ መሠራቱን እንረዳለን። ሕዝቡ ግን ማርትሬዛን በቀላሉ አልተወም።

በአንዱ ብር ላይ የምናገኛቸው ዋና ዋና ዓመታት 1887፣ 1889፣ 1892 እና 1895 ናቸው። ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በግዕዝ አኃዝ ተጽፈዋል፤ 1887 በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1894/95 መሆኑን ልብ ይሏል። የሳንቲም ካታሎጎች እንደሚገልጹት የ1887ቱ ወደ 20 ሺህ፣ የ1889ኙ ወደ 418 ሺህ፣ የ1892ቱ ወደ 401 ሺህ፣ የ1895ቱ ደግሞ ወደ 459 ሺህ ያህል ተመትተዋል። ሰብሳቢዎች በቁጥሩ ከሌሎቹ በጣም ያነሰውንና ስብስብን ለማሟላት የሚያስቸግረውን ዓመት «ቁልፍ ዓመት» ይሉታል። ከእነዚህ መካከል ቁልፉ 1887 ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላው ዓለምም አለ። በአሜሪካ በ1916 እ.ኤ.አ. በዴንቨር የተመታው የአሥር ሳንቲም መሐለቅ 264 ሺህ ብቻ ስለሆነ በጣም ይፈለጋል። እሱን ከሌሎቹ የሚለየው ግን አንዲት ትንሽ ፊደል ናት። አታላዮችም ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በዚያች ፊደል ላይ ነው። የእኛም ጉዳይ ከዚህ አይለይም፤ የዋጋው ልዩነት በሙሉ በአንድ አኃዝ ላይ ተንጠልጥሏል።

ከዚህ አንድ መሠረታዊ ሐሳብ እናገኛለን። ብርቅ የሆነ የተጎዳ ሳንቲም ሲገዛ የሚገዛው ውበቱ አይደለም፤ ውበቱ ጠፍቷል። የሚገዛው ማዕድኑም አይደለም፤ ማዕድኑ በርካሽ ይገኛል። የሚገዛው በላዩ ላይ የተጻፈው መረጃ ነው። ስለዚህ ቀዳሚው ጥያቄ «ምን ያህል ተጎድቷል?» ሳይሆን «ጉዳቱ መረጃውን ነክቶታል ወይ?» የሚል መሆን አለበት።

፪. የዋጋው ወለል፦ በውስጡ ያለው ብር

ማንኛውም የብር መሐለቅ ምንም ያህል ቢጎዳ ከማዕድኑ ዋጋ በታች ሊወርድ አይችልም። ይህን ወለል ማስላት ቀላል ነው። ማስታወቂያው እንደሚለው ክብደቱ 26.4 ግራም ከሆነ፣

26.4 × 0.835 = 22.04 ግራም ንጹሕ ብር

ይሆናል። የዓለም ገበያ የብርን ዋጋ የሚናገረው በትሮይ አውንስ ሲሆን፣ አንድ ትሮይ አውንስ 31.1035 ግራም ነው። 22.04ን ለ31.1035 ስናካፍል 0.709 እናገኛለን። በዕለቱ ያለውን የአንድ አውንስ ዋጋ በ0.709 ማባዛት የማዕድኑን ዋጋ ይሰጠናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአገራችን ወርቅና ብር የሚለካበት ወቄት በአንድ ጠገራ ክብደት፣ ማለትም በ28 ግራም ገደማ የሚታሰብ ስለሆነ ከትሮይ አውንስ ጋር መምታታት የለበትም። በሚቀጥሉት ክፍሎች ይህን የማዕድን ዋጋ «አንድ እጅ» እያልን እንጠራዋለን። ሻጩ የጠየቀው እንግዲህ ስምንት እጅ ነው።

፫. የጎደለው ክብደት የት ሄደ?

አዲስ ሳለ 28.075 ግራም የነበረው ብር አሁን 26.4 ግራም ከሆነ 1.675 ግራም ጎድሎታል። ፊዚክስ የጠፋን ነገር ሳይቆጥር አያልፍም፤ ጉድለቱን በየምክንያቱ እናከፋፍለው።

በመጀመሪያ የቅይጡን እፍግታ እናስላ። እፍግታ ማለት መጠነ ቁስ በይዘት ሲካፈል የሚገኘው ነው። የንጹሕ ብር እፍግታ 10.49፣ የመዳብ ደግሞ 8.96 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። በአንድ ግራም ቅይጥ ውስጥ 0.835 ግራም ብርና 0.165 ግራም መዳብ ስላለ፣ የሁለቱ ይዘት ድምር 0.0796 + 0.0184 = 0.0980 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እፍግታው 1 ÷ 0.0980 ማለትም 10.2 ነው። የአንድ ሙሉ የምኒልክ ብር ይዘት እንግዲህ 28.075 ÷ 10.2 = 2.75 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን በፊቱ ስፋት፣ በ12.57 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ስናካፍል አማካይ ውፍረቱ 2.19 ሚሊሜትር መሆኑን እናገኛለን።

የቀዳዳው ስፋት 3 ሚሊሜትር ነው እንበል። ከእሱ የወጣው ብር 3.14 × 0.15 × 0.15 × 0.219 = 0.0155 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ በክብደት 0.16 ግራም ብቻ ነው። ቀዳዳው ለዓይን አስቀያሚ ይሁን እንጂ ከጉድለቱ የወሰደው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። የቀረው 1.5 ግራም በመፋቅ የጠፋ ነው ማለት ነው።

1.5 ግራም ማለት 0.148 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ከሁለቱም ፊት እኩል ቢፋቅ ከእያንዳንዱ ፊት 0.06 ሚሊሜትር ያህል ይነሳል። መፋቅ ግን እኩል አይሆንም። ልብስና ቆዳ አስቀድመው የሚነኩት ከፍ ያለውን ክፍል፣ ማለትም ጉንጩን፣ ዘውዱንና የአንበሳውን ገላ ነው። የተፋቀው ከፊቱ ሩብ ያህሉ ብቻ ቢሆን በዚያ ሥፍራ 0.24 ሚሊሜትር ተነስቷል ማለት ነው። ከጠርዙ አጠገብ ዝቅ ብሎ ያለው ጽሑፍ ግን ጠርዙ ስለሚጋርደው ዘግይቶ ይፋቃል።

ስለዚህ የሻጩ ክብደትና ፎቶግራፉ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። ፊቱ ለስልሶ አኃዙ በከፊል መትረፉ የሚጠበቅ ነው። ሻጩ ስሎቹ በሙሉ ያልተነኩበት፣ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ያለው ብር አሳይቶ «25 ግራም ነው» ቢል ኖሮ ሦስት ግራም የት እንደሄደ የሚያስረዳ ነገር አይኖርም ነበር። ያን ጊዜ ብሩ ከሌላ ቅይጥ የተቀረጸ ቅጂ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ይሆናል።

፬. አኃዙን በጥላ ማንበብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። አኃዙ ፯ ነው ወይስ ፱?

ከዚያ አስቀድሞ ግን ዓይናችንን ወደ አንበሳው እንመልስ። በ1887 እና በ1889 ብሮች ላይ አንበሳው ያነሳው የግራ የፊት እግሩን ሲሆን፣ በ1892 እና በ1895 ብሮች ላይ ያነሳው የቀኙን ነው። ይህ ምልክት ትልቅ ስለሆነ ብዙ ከተፋቀ ብር ላይ እንኳ ይነበባል። የቀኝ እግሩን ያነሳ አንበሳ ካየን ሻጩ ምንም ቢል ብሩ የ1887 ሊሆን አይችልም፤ ምርመራውም እዚያው ያበቃል። በእኛ ምሳሌ ያነሳው የግራውን ነው እንበል። የቀሩት ሁለት ዓመታት ብቻ ናቸው፤ ፲፰፻፹፯ እና ፲፰፻፹፱።

ሁለቱ ዓመታት ከመጨረሻው አኃዝ በቀር ፍጹም አንድ ናቸው። በመጨረሻው አኃዝም ቢሆን ከላይና ከታች የሚሰመሩት ሰረዞች በሁሉም የግዕዝ ቁጥሮች ላይ የሚገኙ በመሆናቸው መረጃ አይሰጡም። ልዩነቱ በሰረዞቹ መካከል ባለው ቅርጽ ላይ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ ስንመረምር ዓይናችን በዚያች ጠባብ ሥፍራ ላይ ማረፍ አለበት።

የተፋቀ አኃዝ ቀለም የለውም፤ የሚታየው በጥላው ብቻ ነው። የጥላ ርዝመት የሚገኘው ከፍታውን በብርሃኑ ማዕዘን ታንጀንት በማካፈል ነው። የአኃዙ ቀሪ ከፍታ 0.05 ሚሊሜትር ነው እንበል። ብርሃኑ ከብሩ ገጽ በ60 ዲግሪ ከፍ ብሎ ሲያበራ ጥላው 0.03 ሚሊሜትር ያህል ነው። ብርሃኑ ወደ ጎን ወርዶ በ10 ዲግሪ ሲያበራ ግን ጥላው 0.28 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ወደ አሥር እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ከደሴ ተራሮች ላይ ማለዳና አመሻሽ ላይ የእርሻ ድንበሮች ጎልተው የሚታዩት፣ ቀትር ላይ ግን የሚጠፉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ከፎቶግራፍ ነጥብ፣ ማለትም ከፒክሰል ጋር እናገናኘው። 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ብር በፎቶግራፉ ላይ 2,000 ፒክሰል ከያዘ እያንዳንዱ ፒክሰል 0.02 ሚሊሜትር ይወክላል። በ10 ዲግሪ ብርሃን የተገኘው ጥላ 14 ፒክሰል ይሸፍናል፤ ይህ በደንብ ይነበባል። በ60 ዲግሪ ግን አንድ ፒክሰል ተኩል እንኳ አይሞላም። ምስሉ በመላላክ ተጨምቆ ብሩ 400 ፒክሰል ብቻ ቢይዝ ደግሞ የጎን ብርሃኑም ጥላ ከሦስት ፒክሰል በታች ይሆናል። ስለዚህ ምስሉን በስልክ ላይ በጣት እየዘረጉ ማጉላት አይጠቅምም። በምስሉ ውስጥ ያልተመዘገበ መረጃ በማጉላት አይፈጠርም።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ግልጽ ነው። ሻጩ አራት አዲስ ፎቶግራፎች እንዲልክ ይጠየቅ። ክፍሉ ጨለም ይበል፤ የእጅ ባትሪ ወይም የሌላ ስልክ መብራት ከጠረጴዛው ጋር እኩል ሆኖ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ያብራ። ካሜራው ከብሩ ቀጥ ብሎ በላይ ይሁን፤ አጠገቡም ማስመሪያ ይቀመጥ። ምስሉ ሳይጨመቅ በፋይል መልክ ይላክ። በአራቱም አቅጣጫ የማይለወጥ ቅርጽ ካለ በብረቱ ላይ ያለ ቅርጽ ነው፤ በአንዱ ብቻ ታይቶ በሌሎቹ የሚጠፋ ግን ጭረት ወይም ነጸብራቅ ሊሆን ይችላል።

ይኸው ብርሃን ማጭበርበርንም ያጋልጣል። አንድ ሰው ፱ን ፍቆ ወይም ቀርጾ ፯ ለማስመሰል ከሞከረ በአኃዙ ዙሪያ ያለው ሜዳ ይጎደጉዳል። በማኅተም የተመታ አኃዝ ዙሪያው ለጥ ያለ ሲሆን፣ በኋላ የተቀረጸ ግን በጎን ብርሃን ሲታይ በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል።

፭. ሻጩ «፯ ነው» ስላለ ፯ ይሆናል?

አዳዲሶቹ ፎቶግራፎች ከመምጣታቸው በፊት ብሩ የ1887 የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ሁለቱም ዓመታት በእኩል መጠን ተርፈዋል ብለን እናስብ። ከ438 ሺህ ብሮች መካከል የ1887ቱ 20 ሺህ ስለሆኑ ዕድሉ 4.6 ከመቶ፣ ማለትም ከ22 አንድ ያህል ነው።

ሻጩ ግን «፯ ነው» ብሏል። ይህ ቃል ምን ያህል ይመዝናል? ለምሳሌ ያህል፣ እውነተኛ ፯ ያለው ሻጭ ከመቶ ዘጠና ጊዜ «፯» ይላል፤ የተፋቀ ፱ ያለው ሻጭ ደግሞ በመሳሳት ወይም በተስፋ ከመቶ ሃያ ጊዜ «፯» ይላል ብለን እንገምት። 22 ሺህ የተፋቁ ብሮችን በዓይነ ኅሊናችን ብንደረድር 1,000 ያህሉ የ1887፣ 21,000 ያህሉ የ1889 ናቸው። «፯» የሚባሉት ከመጀመሪያዎቹ 900፣ ከሁለተኞቹ 4,200 ይሆናሉ። «፯» ከተባሉት 5,100 ብሮች መካከል እውነተኞቹ 900 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ከመቶ 18 ያህል መሆኑ ነው።

ይህ ውጤት ብዙ ተማሪዎችን ያስገርማል። ሻጩ ቅን ሰው ቢሆንም፣ ከአምስት አራት ጊዜ ትክክል ቢያነብም፣ «፯ ነው» ሲል የሚሳሳትበት ጊዜ ይበዛል። ምክንያቱም ፱ ያላቸው ብሮች ከ፯ቶቹ ሃያ እጥፍ በላይ ስለሆኑ ጥቂቱ ስህተታቸው እንኳ እውነተኞቹን ይውጣቸዋል። አንድ ነገር ብርቅ በሆነ መጠን ተገኘ ለማለት የሚያስፈልገው ማስረጃ እየጠነከረ መሄድ አለበት የሚለው የሳይንስ ደንብ መሠረቱ ይኸው ነው።

አሁን ዋጋውን እናስላ። የተበሳና የተፋቀ ነገር ግን አኃዙ በእርግጠኝነት የሚነበብ የ1887 ብር 12 እጅ፣ እንዲሁ የተጎዳ የ1889 ብር ደግሞ 1.5 እጅ ያወጣል ብለን እንነሳ። ቁጥሮቹ ለስሌቱ የተወሰዱ ናቸው፤ ገዢው በዕለቱ ያገኘውን ዋጋ ሊተካባቸው ይችላል። ዕድሉ 18 ከመቶ ሲሆን የሚጠበቀው ዋጋ

0.18 × 12 + 0.82 × 1.5 = 3.4 እጅ

ያህል ነው። ሻጩ የጠየቀው 8 እጅ ነው። በዚህ ማስረጃ ብቻ መግዛት ከእጥፍ በላይ መክፈል ይሆናል። 8 እጅ መክፈል የሚያዋጣው ዕድሉ (8 − 1.5) ÷ (12 − 1.5)፣ ማለትም 62 ከመቶ ሲደርስ ነው።

ከ18 ከመቶ ወደ 62 ከመቶ የሚያሻግረው ድልድይ የጎን ብርሃን ፎቶግራፉ ነው። በፎቶግራፎቹ ላይ የታየው ቅርጽ አኃዙ ፯ ሲሆን የመታየት ዕድሉ ፱ ሲሆን ከመታየት ዕድሉ ሃያ እጥፍ ቢሆን ስሌቱ ይለወጣል። ከ«፯» ተባዮቹ መካከል 900ው ለ4,200 የነበረው ንጽጽር በሃያ ተባዝቶ 18,000 ለ4,200 ይሆናል፤ ዕድሉም 81 ከመቶ ይደርሳል። ያን ጊዜ የሚጠበቀው ዋጋ 10 እጅ ስለሚሆን 8 እጅ መክፈል ያዋጣል። ነገር ግን አዲሱ ማስረጃ በእርግጥ አዲስ መሆን አለበት። ሻጩ አስቀድሞ ያነበበውን ያንኑ ደብዛዛ ምስል ደግመን አይተን «እኛም ፯ መሰለን» ብንል አንዱን ማስረጃ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል።

፮. የጉዳት ዓይነቶችና መረጃው

ከላይ ያየነው ጉዳቶችን በአዲስ መልክ ለመመደብ ይረዳናል።

ሀ) ቀዳዳ። በወሎ ብዙ ጠገራ የተበሳው ለጌጥ ነው። ቀዳዳው አኃዙን ካልነካ ዋጋውን በእጅጉ ይቀንሳል እንጂ ማንነቱን አይለውጥም። ለአቅመ ቢስ ሰብሳቢ የሚመቸውም ይኸው ነው።

ለ) የተበየደ ማንጠልጠያ። ብየዳው ቆርቆሮና እርሳስ ካለበት ክብደቱንም እፍግታውንም ያዛባል። ከተነቀለ በኋላ የሚቀረው ጠባሳ ያረፈበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል።

ሐ) መፈተግና ማንጸባረቅ። ጥቁረቱ በአብዛኛው ብር ከድኝ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ብር ሰልፋይድ ነው። በአመድ ወይም በአሸዋ ሲፈተግ ከጥቁረቱ ጋር ብሩም አብሮ ይነሳል፤ ዝቅ ያለው አኃዝም እንኳ አይተርፍም። የሚያብለጨልጭ አሮጌ ብር ከጠቆረው ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል።

መ) በአሲድ መጥራት። በ1913 እና በ1938 እ.ኤ.አ. መካከል በተመታው የአሜሪካ ባለ ጎሽ አምስት ሳንቲም ላይ ዓመቱ ከፍ ባለ ሥፍራ ስለነበር ቶሎ ይጠፋ ነበር። ሰዎች የብረት ክሎራይድ ጠብታ አድርገው የጠፋውን ዓመት ያወጡት ነበር። በማኅተም ሲመታ ከአኃዙ ሥር ያለው ብረት ከዙሪያው በተለየ ስለሚጨመቅ በኬሚካል የሚበላበት ፍጥነትም ይለያል። ነገር ግን ጠብታው የማይጠፋ ጠባሳ ትቶ ያልፋል፤ የሳንቲሙም ዋጋ ዝቅተኛ ሆኖ ይቀራል። በአሮጌ ጠገራ ላይ ይህን መሞከር አይገባም።

፯. ብሩ በእጅ ከገባ በኋላ

ግዢው ሲፈጸም ዕቃው በተወሰነ ቀን ውስጥ ሊመለስ እንደሚችል አስቀድሞ መስማማት ይገባል፤ ምክንያቱም አኃዙ ፯ ቢሆንም ብረቱ ብር ላይሆን ይችላል። ይህን ለመመርመር ሚዛን፣ ውኃ የያዘ ብርጭቆና ክር ይበቃሉ። ብሩ በደረቁ ይመዘናል። ከዚያ የውኃው ብርጭቆ በሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ንባቡ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ብሩ በክር ታስሮ፣ የብርጭቆውን ወለልና ጎን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ሚዛኑ የሚያሳየው በብሩ ቦታ የተነሳውን ውኃ መጠነ ቁስ ነው፤ ይህ የአርኪሜድስ ሕግ ነው። የአንድ ግራም ውኃ ይዘት አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ንባቡ በቀጥታ የብሩን ይዘት ይሰጣል።

26.4 ግራም የሚመዝነው ብራችን 2.59 ግራም ማሳየት አለበት፤ እፍግታው 10.2 ይሆናልና። ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ የተሠራ ቅጂ ቢሆን እፍግታው 8.9 ገደማ ስለሚሆን ንባቡ ወደ 2.97 ይደርሳል። ቀዳዳው ውጤቱን አያዛባም፤ ከክብደቱና ከይዘቱ እኩል ቀንሷልና። ለዚህም ነው ለተጎዳ ሳንቲም እፍግታ ከክብደት የተሻለ ምስክር የሚሆነው።

ስለ ሚዛኑ ጥራት ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን በእፍግታው ላይ የሚፈጥረው ስህተት 0.04 ብቻ ነው። 0.1 ግራም ብቻ የሚለይ ሚዛን ግን 0.4 ያህል ስህተት ያስከትላል፤ ይህም ብርን ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ ቢለይም በሁለት የብር ቅይጦች መካከል ለመፍረድ አያስችልም። የደሴ ውኃ ከኮምቦልቻው ቀዝቀዝ ማለቱ የሚያመጣው ልዩነት ከዚህ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በብሩ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ግን ይዘቱን ስለሚያሳድግ በጣት መጥረግ ይገባል።

፰. ከስሌት ውጭ ያለ ጥያቄ

አንድ ጥያቄ በሚዛንም በብርሃንም አይመለስም፤ ብሩ ከየት መጣ የሚለው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም መዘረፉ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሕዝብ ይዞታ የወጡ ዕቃዎች ወደ ገበያ ሊመጡ እንደሚችሉ ገዢ ሁሉ ማሰብ አለበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ሻጩ ብሩን ከማን እንዳገኘ ይጠየቅ። መልስ የሌለው ብር፣ አኃዙ ምንም ያህል ቢነበብ፣ መገዛት የለበትም።

ማጠቃለያ

የታሰበውን ማስታወቂያ እንግዲህ እንፍረድበት። ክብደቱ ከመልኩ ጋር ይስማማል፤ አንበሳውም ያነሳው የግራ እግሩን ነው። ቀዳዳው ማንነቱን አልነካም። ነገር ግን አኃዙ በተላከው ፎቶግራፍ ስለማይነበብ ዛሬ ባለው ማስረጃ ዋጋው ከ3 እስከ 3.5 እጅ ቢሆን ነው። ሻጩ የጎን ብርሃን ፎቶግራፎቹን ልኮ ፯ በግልጽ ከታየ፣ የመጣበትም ታሪክ ከታወቀና መመለስ ከተፈቀደ 8 እጅ ይከፈልበታል። ፎቶግራፎቹን ለመላክ ፈቃደኛ ካልሆነ ገዢው ይለፈው። ለማይነበብ አኃዝ የብርቅ ዋጋ አይከፈልም።

ለአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

1. 27.2 ግራም የሚመዝን «የምኒልክ ብር» ውኃ ውስጥ ሲንጠለጠል ሚዛኑ 3.05 ግራም አሳየ። እፍግታው ስንት ነው? ምን ትደመድማላችሁ?

2. ብሩ በፎቶግራፉ ላይ 600 ፒክሰል ስፋት ቢይዝ፣ 0.05 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው አኃዝ በ10 ዲግሪ ብርሃን የሚጥለው ጥላ ስንት ፒክሰል ይሸፍናል?

3. ሻጩ ዋጋውን ወደ 5 እጅ ቢያወርድ ግዢው የሚያዋጣው ዕድሉ ከመቶ ስንት ሲደርስ ነው? በሻጩ ቃል ብቻ ይገዛ ይሆን?